ያለ ቀለም

በካናዛዋ ሰማይ እምነት አይጣልም፤
ምሳውን የረሳ ጃንጥላ አይጥልም።
ለእኔ ግን እርጥበት የሥራ ባልንጀራ፤
ደረቅ ወረቀት ላይ ቀለም ቤት አይሠራ።

ሳይ ወንዝ ዳር ሳቢሳ አንድ እግሯን አጥፋ
ሞዴላችን እሷ ናት፣ በነጻ የምትለፋ።

ትናንት ያራስኩት የኮዞ ወረቀት
ፍሪጅ ውስጥ አደረ፣ ከዓሣ ጋር አንድ ቤት፣
ሻጋታ እንዳይቀድመኝ። ባሌ አጉረመረመ፦
«የአይስክሬሜ ስፍራ ዛሬም ተቀደመ!»

ጠራቢው ታኩዞ የካቲት ላይ ሞተ፣
ሰማንያ ሦስት ዓመት እንጨት እንደሸተተ።
ስድስት ሰሌዳ ተወልኝ ከቼሪ፤
አምስቱ ቀለም ጠጪ፣ አንዱ ጦም አዳሪ፦
በባዶ ተጭኖ፣ ወረቀቱን ገፍቶ፣
የሳቢሳን ላባ በጥላ አውጥቶ
የሚያሳይ።
                እዚያ ላይ፣ ከክንፏ ጫፍ አልፎ፣
አንድ ጭረት አገኘሁ ከመስመር ተርፎ።
በጣቴ ነው እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፤
አፍሮ ይሁን ረስቶት አልነገረኝ ከቶም።

አሳታሚዋ ሚዙሆ መነጽሯን አውልቃ፦
«ይደፈን ይሄ ጉድ፣ ገዢ ሳይነቃ።»
«ቆይ፣» አልኳት። «አንድ ልተም።»

ሰማያዊ ጠብታ፣ የሩዝ ሙጫ ቅንጣት፣
በፈረስ ጭራ ብሩሽ አሸሁት በፍጥነት፤
ወረቀቱን ከማዕዘን ምልክቱ ገጥሜ፣
ቀርከሃ በለበሰው ባረኔ ከላይ ቆሜ
ዞርኩበት። ቀለሙ ላዩ ላይ አልቀረም፤
ሥር ሰዶ፣ በጀርባው መታየት አላፈረም።

ከዚያ ስድስተኛው።
ብሩሽ የለም። ሙጫ የለም።
ክርን ብቻ፣ ትንፋሽ ብቻ።

ሚዙሆ ከአምፖሉ ሥር አየችው፤ ምንም።
ወደ መስኮቱ ወስጄ አጋደምኩት።
የዝናብ ብርሃን ከጎን ሲመጣ
አንዲት ላባ ታየች፣ ነፋስ የነጠላት፣
ልሂድ ወይስ ልቅር ያልቆረጠላት።

ታኩዞ ትምህርቱን በአሥራ ሁለት አቁሞ፣
«እኔ ቀለም የለኝ፣ ባለቀለም አንቺ» ይለኝ ነበር ቀድሞ።
ይኸው ያለ ቀለም ፈርሞ ሄደ ደግሞ።

ሚዙሆ ጃንጥላዋን ከጥግ አነሣች።
«እንግዲያ ይቅር» አለች።
ይቅር የተባለው ጥገናው ይሁን ጥፋቱ
አልጠየቅኋትም።
መቶ አሥራ ዘጠኝ ቅጂ ይቀራል።
ዓሣውን ገፋ አድርጌ ወረቀት አወጣሁ።