ድርብ ሰረዝ

ሠላሳ አንድ ዓመት ቆርቆሮ ላይ ጻፍኩኝ፤
ከአራዳ ሰኞ ገበያ ድረስ መሰላል ተሸክሜ ወጣሁ፣ ወረድኩኝ።
«ጫማ እናድሳለን»፣
«ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ እንሰጣለን»፣
የመድኃኒት ቤቱ እባብ፣ የወፍጮ ቤቱ ድንጋይ፣
የእጄ ሥራ ናቸው፤ ደሴን አንጋጦ ለሚያይ።

ኋላ ማሽን መጣ፣ ባነር በጥቅልል የሚተፋ፤
ብሩሼ ከነአኳራጁ ደረቀ፣ የሚያዝዘኝ ጠፋ።

የእህቴ ልጅ ጦይባ፣ ቧንቧ ውሃ አጠገብ ኮምፒዩተር ያላት፣
«ና አጎቴ» አለችኝ፣ «ይቺም ታፔላ ናት፣ መሰላል የሌላት።
አጥንቱን አቁሜያለሁ፤ ርእስ፣ አንቀጽ፣ ሥዕል፤ ልብስ ግን የለውም።
ማልበሱ ያንተ ነው፤ ሲኤስኤስ ይሉታል፤ ከብሩሽ አይከብድም።»

ዋሸች።

በአንድ ጣቴ እንደ ምስር ለቃሚ ፊደል ስለቅም ዋልኩ፤
ርእሱን ቀይ ሁን አልኩ፤
መምህር በልምጭ ያስጠናኝን ድርብ ሰረዝ ከጫፉ ተከልኩ።
ርእሱ ያው ጥቁር፣ ዝም።
ደግሜ ጫንኩት። ቀይ የሚባል የለም።

ሦስት ሰዓት ከራሴ ተጣላሁ፤
መብራት ኃይልን ረገምኩ፣ ሻይ አዝዤ ረሳሁ፣ ቀዝቅዞ ጠጣሁ።
ጦይባ መጣችና ጥፍሯን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ፣
ሣቀች፣ ሣቀች፣ ትንፋሿ እስኪጠፋ።
«ይሄ የኛ ድርብ ሰረዝ ነው፤ እሱ የኛን አያውቅ፤
ነጥብ ከላይ፣ ጭራ ከታች፣ የነሱን ነው የሚጠብቅ።»
አንዲት ጭራ! ሌላ ምንም አልነካሁ፤
ቀላ! እንደ ልጅ ጮኼ ከወንበር ተነሣሁ።

ከዚያ ለመድኩት። ገባኝ አልልም፣ ለመድኩት።
ሳጥን በሳጥን ነው፤ የውስጡን ባዶ ከውጩ ባዶ ለየሁት።
ይህንንስ ቆርቆሮ አስተምሮኛል፤
ጀማሪ ሳለሁ «የእንድሪስ ምግብ ቤት» ስጽፍ ቦታ አጥሮኝ፣ «ት» ከታች ወድቃ
ሁለት ዓመት ብቻዋን ቆመች፣ እንደ ተቀጣች ልጅ፤
«ምግብ ቤ» እያለ ይጠራኛል እስከ ዛሬ፣ ያ የሰፈር ወዳጅ።

ቀለሙም በቁጥር ነው የሚጠራ፤
በጠርሙስ ክዳን ስለካ የኖርኩ ሰው፣ ሰማያዊውን ከነጩ ጋራ!
ሐይቅ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ነፋስ ሳይነካው፣ የሚለብሰውን ሰማያዊ
አራት ቀን ፈለግኩት። የሚመስለውን አገኘሁ፤
ውሸታም ነው፤ ግን ደግ ሰማያዊ።

«ትእዛዝና ትእዛዝ እኩል ሲጣሉ፣ የኋለኛው ነው የሚጸና» አለች።
ሣቅ መጣብኝ፤ በኛ ቤት የፊተኛዋ ናት የኖረች፤
አባቴ ከሞተ ሃያ ዓመቱ፣ «ሰማያዊ ላይ ቢጫ አትጻፍ» ያላት አልሞተች።

«ቀለም ይወረሳል፤ አባት ሳጥን ሲቀላ
ልጁም ይቀላል፣ ካላሉት ሌላ።
ህዳግ ግን አይወረስም፤ ለየራሱ ነው የሚሰጠው።»

እጄን ከቁልፎቹ አነሣሁ።
አባቴ ብሩሹን፣ ሳሉን፣ ቢጫ ጥፍሩን አውርሶኝ ነው የሄደው፤
ሰው ሳይገፋ መቆሙን፣ በዙሪያው የነበረችውን ያቺን ሰፊ ዝምታ፣
እሷን አልተወልኝም፤ እስካሁን ሰው እገፋለሁ፣ ጠዋት ማታ።

የመጀመሪያ ሥራዬ የሙሄ መድኃኒት ቤት ሆነች።
«የድሮዋን ታፔላ አስመስላት» አለኝ፤
ያቺን፣ በዚያ ክፉ ጥቅምት ጥይት የ«መ»ን ሆድ የበሳባትን።
«ቀዳዳዋስ?»
«ቀዳዳዋም ትግባ፤ ሰው በሷ ነው የሚያውቀኝ።»
ትንሽ ጥቁር ሳጥን ሠራሁ፤
አራት ማዕዘኗን በግማሽ በግማሽ አጎበጥኩ፤ ክብ ሆነችልኝ።

ስልክ ላይ ስናያት ገጹ ጠበበ፤
ፊደሉ ተገፋፍቶ ቀዳዳዋን ረገጣት።
ጦይባ «ህዳግ ስጣት» አለች።
ሰጠኋት፤
ስምንት ፒክስል፣ በአራቱም ጎን፣ ማንም የማይነካት።
ነጥቧን ከላይ፣ ጭራዋን ከታች፣
አልረሳሁም።