ዕጣው ያልወደቀለት

ሰኔ ነው። ጾም ነው። ሐይቁ ጭጋግ ለብሷል።
የማኅበሩ ጀልባ ከባሕር ዳር ደርሷል፤
አንድ ጀልባ ብቻ፣ ቀለሙ ያልደረቀ፣
ስንት ዓመት በቃለ ጉባኤ ስሙ ብቻ የታወቀ።
ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም ሲባል እንደ ልማዱ፣
የደሴ ነጋዴዎች ቅርጫት ይዘው ወረዱ።

ሁለት ሰው አቆሙ፤ ማተቤንና እኔን፣
ሁለታችንም እዚሁ መረብ ስንጠግን ያረጀን።
ይማም ቆቡን አውልቆ ሁለት ወረቀት ጣለ፤
አንዱ ላይ ምልክት አለ፣ አንዱ ላይ ምንም የለ።
የጎረቤት ሕፃን ዐይኑን ጨፈነና
ቆቡን በረበረ፤ እየሳቀ፣ ገና
የወተት ጥርሱ የወለቀ ልጅ። ዕጣው ለማተቤ
ወደቀ። ባዶው ለእኔ። ጠቆረብኝ ልቤ።

«አላህ ያለው ነው አራጋው» አለ ይማም ቆቡን አራግፎ፤
«እግዜር ያውቃል» አለ ሌላው ትከሻዬን ደግፎ።
እኔ ግን ወረቀቱን በጡጫዬ አፍኜ፣
«እሰይ!» አልሁ፤ ከአንጀት ሳይሆን ከጥርሴ ለምኜ።

በማግሥቱ ሰንበት፣ ከግንቡ ተጠግቼ፣
ማተቤን እንዳላይ ፊቴን ለድንጋይ ሰጥቼ፤
መሪጌታ ልሳኑ ያነባሉ፤ ይስላሉ፤
ከይሁዳ በኋላ አሥራ አንድ ቀሩ ይላሉ፤
ሁለት ሰው አቆሙ ሲሉ ራሴን ቀና አደረግሁ፤
የእኔን ጉድ ማን ነገራቸው ብዬ ተጠራጠርሁ።

አንዱ ማትያስ ነበር። ሌላው ዮሴፍ፣ በርስያን፣
ኢዮስጦስም ይሉታል። ሦስት ስም ለአንድ ሰው ምን
ያደርጋል? ዕጣው ሲወጣ ለማትያስ ሆነ፤
ያ ሰው ሦስት ስሙን እንደያዘ ባንድ መስመር ተከደነ።

ንባቡ አለፈ። እኔ እዚያው ቀረሁ፤ ከእርሱ ጋራ፣
ከዚያ ካልተቈጠረ፣ ካላወቅሁት ባልንጀራ።

ያን ምሽት ምን አደረገ? ከሰገነቱ ወርዶ
ጫማውን ሲያጠልቅ ጠፍሩ እምቢ አለው ተገማምዶ?
«ማን ሆነ?» ብላ ሚስቱ ከደጅ ስትጠይቀው፣
«ማትያስ» ለማለት ስንት ጊዜ ምራቁን ዋጠው?
ከዮርዳኖስ ጀምሮ አብሮ የዞረ ነበር፤
የገሊላን አቧራ እንደ ጴጥሮስ የጠገበ እግር፤
ምናልባት ከትራፊው መሶብ የተሸከመ፣
ምናልባትም ዓርብ ዕለት ከሩቅ የቆመ።
ያ ሁሉ ሆኖ፣ ጠጠር።
የለየው አንድ የሚንከባለል ጠጠር።

መሪጌታ ግን አልተዉም፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀጠሉ፤
ቀኑ ሲደርስ ሁሉም ባንድ ቤት ነበሩ አሉ።
ሁሉም! እንግዲያ ያ ሰው አኩርፎ አልቀረም ከቤቱ፤
መጥቷል፤ ከኋላ ነው፣ ከመዝጊያው ከፊቱ።
ነፋሱ ቤቱን ሲሞላ፣ እሳቱ ሲከፋፈል፣
«ስምህ አልተቈጠረም» ብሎ ነበልባል ሰው አይዘል።
እርሱም ላይ ተቀመጠ፤ አፉ ተከፈተ፤
ሦስቱም ስሙ ነደደ፤ አንድም ስም አልሞተ።

ወይም እኔ እንዲህ አሰብሁ። መሪጌታን አልጠየቅሁም፤
«ተወው» ነው የሚሉኝ፤ ያልተጻፈ አይወዱም።

ሰኞ ገና ሳይነጋ ወደ ሐይቁ ወረድሁ፤
ማተቤ ጀልባውን ብቻውን ሲገፋ አየሁ።
አዲስ ጀልባ ከባድ ነው፤ አንድ ሰው አይበቃውም።
አልጠራኝም። አልጠየቅሁም። ሰላምታም አልወጣንም።
ወገቤን ሰብሬ ከኋላ ገፋሁለት፤
ጣሳውን ወረወረልኝ፣ ውኃ እንድጨልፍለት።
መረቡን ስንስብ ቆሮሶው አብረቀረቀ፤
የኪሴ ወረቀት ርሶ፣ ሟሙቶ አለቀ።

ይማም ከዳር ቆሟል፣ ሚዛኑን አንጠልጥሎ፤
«ስንት ያዛችሁ?» አለ፣ እጁን ከንፈሩ ላይ ከልሎ።
ያዛችሁ።
ሁለት አድርጎ ነው ያለው።
ምን ልመልስለት ብዬ ማተቤን ዞሬ አየሁት፤
ገና እየቈጠረ ነው።