ሆድ ያባውን

ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶች ጀርባ፣ ከደረጃ ስር ባለች ጓዳ
አባቴ ሰዓት ሲጠግን፣ አንድ ማክሰኞ መጣች እንግዳ፤
ሲስተር እልፍነሽ ናት፤ ከጥቁር አንበሳ፣ የቸርችልን ዳገት ወጥታ በእግሯ፣
በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ከካፖርቷ ስር፣ ምስጢሯ።
«አምፖሏ ተቃጥላብን ነው፤ ለውጭ አገር ጽፈን ነበር፣
መልስ እስኪመጣ ሰዉ ያልቃል፤ አንተ እይልን በእግዜር።»

ፈታው። ከእርሳስ የቀጠነ ቱቦ፤ ጫፉ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል መብራት፣
ከኋላዋ የምስር ክክ የሚያካክሉ መስታወቶች፣ በሰልፍ፣ በሥርዓት።
«ምን ያያል ይሄ?»
            «የሽንት ፊኛ።»
ሳቀ፤ ከዚያ ዝም አለ፤ አፈረ መሰለኝ ከእኛ።

እሱ በጉጠት ሲለቅም፣ እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣
የተማረችው ታሪክ እንደ ልቃቂት ተተርትሮ መጣ።

«መጀመሪያ አንድ ሐኪም፣ የጀርመን አገር ሰው፣ የሰም ሻማ
በቆዳ በተለበጠ ጣሳ ደብቆ፣ በመስታወት እያንጸባረቀ፣ ጨለማ
ውስጥ ሊያይ ሞከረ። ትልልቆቹ ተሰብስበው ‘ቧልት ነው’ አሉት፤
በሠላሳ አምስት ዓመቱ ተስቦ ገደለው፤ ሻማውንም እፍ አሉት።
ቀጥሎ ፈረንሳዊው መጣ፤ አልኮልና ተርፔንታይን ቀላቅሎ አነደደ፤
ብርሃኑስ ደህና ነበር፤ ግን የሰዉም ጭን አብሮ ነደደ።
ኋላ አንድ ወጣት፣ የማይክሮስኮፕ ዓይን ሲወለውል ቆይቶ
ወደ መስኮት ቢያዞረው፣ የማዶው ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ሆኖ ታየው፣ ውስጡ ገብቶ።
‘ጨለማ ቤት ደጅ ቆሞ፣ ሻማ በቁልፍ ቀዳዳ?
መብራቱን ይዞ መግባት ነው እንጂ፣ የምን ፍዳ!’
የሱ መብራት የጋለች ሽቦ ነበረች፤ እንዳትፈጅ ውሃ ይፈስባታል ዙሪያዋን፤
አምፖል እስኪፈለሰፍ ድረስ አልጣለችም ውሃዋን።»

ከየት እንዳመጣ ማን ያውቃል፣ ከመጫወቻ መኪና ይሁን ከጌጥ፣
አባቴ ሦስት ሌሊት ታገለ፣ በዚያች ጠባብ ቱቦ ውስጥ።
በአራተኛው ጠራኝ። እጄን ጨበጥኩ። ጫፏን በጣቶቼ መሃል አሾለካት፣ የጓዳውን መብራት አጠፋ፤
አንድ ዓይኑን ከድኖ፣ በሌላው ብዙ ቆየ፣ እንዳጎነበሰ፣ እንደተደፋ።
«ሮማን ይመስላል» አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረ።
ሲስተር እልፍነሽ ወሰደችው፤ እሱ የቀሩትን ሰዓቶች መፍታት ጀመረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የገዛ ሽንቱ ሲቀላ፣ «የሆድን በሆድ» አለና
ሽንት ቤቱን ራሱ እያጠበ ከረመ፣ እኛም ሳንጠረጥር፣ በጤና።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ አባቴ ግን አይጠጣም፤
ሱሪው ላይ ጠብታ ባላይ፣ ከአፉ አንዲት ቃል አትወጣም።

ቁልቁል በታክሲ ወረድን። ዶክተር ትብለጽ፣ የልጅ ልጁን የምታክል፣ «አይዞዎት» አለች፣
ስክሪኑን ወደሱ አዞረች። ጓዳው ወለል አለ፤ ቀይ ነው፤ ጥጉ ላይ አንዲት ነገር በቅላለች፣
እንደ ውሃ ውስጥ ሣር የምትወዛወዝ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። እሱ አላዞረም፤
የሰው ሰዓት ሆድ ሲከፍት የኖረ፣ ከራሱ ሆድ አላፈረም።

«አምፖሏ የት ነች?»
            «ውስጥ አምፖል የለም፤ መብራቱ ከውጭ ነው፣ አባባ፤
ከዚህ ሳጥን ተነስቶ፣ በመስታወት ክር ነው እየተጓዘ የሚገባ።»

ዝም አለ። ከጣሪያው ጋር የሚሟገት መሰለ።
ኋላ እጄን ጨበጠና «ያ የሻማው ሰውዬ» አለኝ «ልክ ነበር፤
ያጣው ነገር ቢኖር ክር።»