ንፋስ በስንት ገባ

የከተማችን ስም መሐል ሜዳ ሳለ
ይኼ ጨዋታ ግን ዳር ዳሩን ዋለ፤
መሐሉን ኳስ ይዞት፣ አቧራውን ጭኖ፣
ለዲስክ የተረፈው አጥር አጥሩ ሆኖ።

መምህር ሸዋቀና ከደብረ ብርሃን
በአይሱዙ አስጭኖ ሲመጣ ሦስት ሳህን፣
«ሳህን አትበሉት፣ ዲስክ ነው» አለና
ቀዩን ለቀቀልን በሰልፉ ጎዳና።
ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደ፤ ባየር ላይ ቆም አለ፣
ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደ ኋላው አለ።

ስድስት ቅርጫት ቆመ፣ የብስክሌት ቸርኬ
ከሳፋ ተበይዶ፣ ርቀቱ በእኔ ልኬ፤
ከባንዲራው እንጨት ሠላሳ እርምጃ አንዱ፣
ሁለተኛው ቧንቧው ጋ፣ ጭቃ ነው መንገዱ፤
አራተኛው ጠባብ፣ ባሕር ዛፉ መሐል፣
ግንድ ያልተሳለመ ዲስክ የት ይገኛል?
አምስተኛው ቁልቁል፣ ከሽንት ቤቱ ኋላ፣
ስድስተኛው ደጄ፣ ጎመኔን ሊበላ።
አጭር ነው፣ የጀማሪ ነው፤
አንድ ክፍለ ጊዜ ሳይሞላ ያልቃል።

ቅዳሜ፣ ከገበያ የሚመለስ ሰው ባጥር ቀዳዳ አጮልቆ
«ክዳኑስ ይኸው ነው፣ ድስቱ የት ወደቀ?» ይላል ስቆ።
አንዲት ሴትዮ አህያዋን አቁማ ስድስቱንም ቆጠረች፣
«እህል የማይያዝበት ቅርጫት!» ብላ ሄደች።

ሦስተኛውን ዘለልኩ።
ረስቼው አይደለም።

ሰንሰለት አነሰ። ዳይሬክተሩ መጣ፣
«ጋሽ ወልደየስ» አለኝ፣ «የበሩን እናውጣ።»
ሃያ ሁለት ዓመት የቆለፍኩበትን፣
ያረፈደ ልጅ ሁሉ ያለቀሰበትን፣
ቆረጡት በመጋዝ፣ ሰቀሉት ባደባባይ፤
እኔም በሬን በጠፍር አሰርኩ፣ አራሽ መሳይ።
ያ ፊቱን ቋጥሮ ሰው ሲመልስ የኖረ
ለመጣ እንግዳ ሁሉ ማጨብጨብ ጀመረ።

የትምወርቅ አለች፣ ዘጠነኛ «ለ»፤
ቡድን ሲካፈሉ ስሟን የጠራ የለ፤
ሹራቧን ስባ እጇን ቀብራ የምትቆም፣
«አንቺ ዕቃ ጠብቂ»፤ ሌላ ሥራ የላትም።
እሷ ናት የገባት። አውራ ጣት ከላይ፣ አራቱ ከሥር፣
ከወገብ ተጠማዛ፣ እንደ ወንጭፍ ስትዞር፣
ሽልንግ!
አለ ሰንሰለቱ።
ዋጋዋን የነገራት የመጀመሪያው እሱ ይሁን እንጃ፤
እጇን ሳታወርድ ቆማ ቀረች፣ ከቅርጫቱ ሃያ እርምጃ።

ቀዩ ዲስክ በጥቅምት ቤተ ሙከራው ጣራ ላይ ወጣ፤
መሰላሉ አጭር ነው፣ በጀት ገና አልመጣ።
ልጆቹ በባልዲ ክዳን ቀጠሉ።
አንድ የጥር ሌሊት ቆርቆሮው ሲጮህ አድሮ
ጎሕ ሲቀድ አገኘሁት፣ ጎመኔ ሥር ተቀብሮ።

ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም።
ዱላዬን አስደገፍኩ፣ ጋቢዬን አጥሩ ላይ ጣልኩ፣
ወደ ሦስተኛው ዞርኩ፣ ወደ አሮጌው ብረቴ።
የመጀመሪያው ተመልሶ ጎመን ውስጥ ገባ።
ሁለተኛው አጥሩን ነካ።
ሦስተኛው ቅርጫቱን እያየ አለፈ፣ እንደ ተጣላ ዘመድ።
አራተኛው፣
ሽልንግ!
ውሻው ጮኸ። «ማነው? ቁም!» አልኩ እኔው፣ ከልማድ።
መልስ አልሰጠሁም።

ጠዋት የትምወርቅ ናት ቀድማ ያየችው።
«ጋሼ፣ ማን አወረደው?»
«ንፋስ ነዋ» አልኳት፣ «ሌላ ማን ሊደፍረው።»
«ቅርጫት ውስጥም ንፋስ?»
«የመንዝ ንፋስ ነዋ።»
አልሳቀች። ጠመኔ አወጣች ከኪሷ፣
ውጤት በሚጻፍበት ሳንቃ፣ ከስሟ ሥር፣ ራሷ
ቀስ ብላ ጻፈች፦
ንፋስ። ሦስተኛው ቅርጫት። በአንድ።

በአንድ!
ገቢና ወጪ መዝግቤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤
ዝም ልበል ብዬ ነበር፣ ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ።
«በአራት ነው» አልኩ።
ጠመኔው ቆመ።
«አንዱ ጎመን ውስጥ ገብቶ ነበር።»