ካላማዳሪ

ኮዬ ፈጬ ዳርቻ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዘጠኝ ቀን አለፈን የውሃ ዘር ሳናይ።
ፈረቃችን ሐሙስ፣ ሐሙስም አለፈ፣
ሮቶው ሆዱ ጮኸ፣ ጀሪካን ተሰለፈ።

ቧንቧውን ከፍተን ነው ማታ የምንተኛ፤
የቆርቆሮ ሳፋ ከሥሩ ዘበኛ፣
ጠብታ ሲወርድበት ጮሆ እንዲቀሰቅሰን፣
‹‹መጣች!›› እንድንባባል በር ለበር ደርሰን።

መጣች ዘጠኝ ሰዓት፣ ዶሮ ሳይጮህ ገና፣
ቧንቧው አየር ተፋ፣ ጉሮሮው ቀናና፣
መጀመሪያ ዝገት፣ ቀጥሎ አረፋ፣
ቀጥሎ ጥርት ያለ፤ ሞላ የኔ ሳፋ።
ባልዲ ሞላሁ፣ ድስት ሞላሁ፣ የሕፃን ገንዳ ሞላሁ፣
ማንቆርቆሪያም አልቀረ፣ ለሁሉም አደላሁ።

የመጸዳጃው ታንከር ሞልቶ ሲያፈስ ጊዜ፣
መዝጊያውን ጨበጥኩት፤ ያ ነው መዘዜ።
አምስት ዓመት ሙሉ ነክቼው አላውቅም፤
ውሃ ይምጣ እንጂ ይቅር ብዬ አላውቅም።
ያልተዘጋ ነገር መዝጋት ይረሳል ለካ፤
ቅጭ! አለ አንገቱ፣ ገና እጄ ሲነካ።
እጀታው መዳፌ ላይ ቀይ አበባ መስሎ፣
ውሃው ደረቴን መታኝ ካንገቱ ፈንቅሎ።

ዘጠኝ ቀን ‹‹ነይ›› ብሎ የለመናት ምላስ፣
የተፋውን ምራቅ መልሶ እንዴት ይላስ?

የብሎኩ ዋና መዝጊያ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ሳጥኑ ቁልፍ አለው፤
ቁልፉ ሰብሳቢው ጋ፤ ሰብሳቢው ለቅሶ ሄዷል፤ ለቅሶው ሻሸመኔ ነው።

በጨርቅ አፈንኩት፣ በትራስ፣ በአንሶላ፤
በመዳፌ ብደፍነው በጣቴ መሃል ፈላ።
ትዕዛዝ የት ያውቅና! ከበር ሥር ሾልኮ፣
ደረጃውን ወረደ፣ ሰው ደጅ ተንበርክኮ።

ታች ፎቅ እትዬ የሺመቤት አሉ።
ከተኳረፍን ዓመት ሆነን፤ ጠባችን ከጠብታ፣
ከሰቀልኩት ልብስ በረንዳቸው ላይ ከወረደች አንድ ማታ።
ዛሬ ኮርኒሳቸው ሲያፈስ በሬን ደበደቡ፤
እኔ ለስድብ ስዘጋጅ፣ ባልዲ አቀረቡ።
‹‹በከንቱ አይፍሰስ!›› አሉ፣ ‹‹ኃጢአት ነው፤ ቅጂ!
ኩርፊያው ይደርሳል፤ አሁን ጎረቤት ጥሪ እንጂ!››

ተሰለፈ ብሎኩ፣ በፒጃማ፣ በፎጣ፣
ከአምስተኛው ፎቅ ሳይቀር ጀሪካን ይዞ መጣ፤
ግፊቷ አይበቃም፣ እዚያ ወጥታ አታውቅም ከቶ፣
ዛሬ ግን ሰው ወርዶ ቀዳ፣ ሄደ ሞልቶ።
አንዱ ልጅ ይስቃል፣ እግሩን እየነከረ፤
አንዷ በስልኳ መብራት ታበራለች፤ ባትሪዋ ሊያልቅ ቀረበ።

ጋሽ ቡልቻ መጡ፣ የጥንት ጎሚስታ፣
ዓይናቸው ሞራ አለው፤ እርምጃቸው በዝግታ።
የመጥረጊያ እንጨቴን ቆረጡት በመጋዝ፣
ጫፉን በካራ አሾሉ፣ ውሃው ፊታቸው ላይ ሲያርከፈክፍ።
‹‹ጨርቅ ይረግባል፤
ጎማ ግን ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ይጨብጣል፣››
ብለው ከኮታቸው ኪስ አንድ ጥቁር ነገር ሳቡ።
ካላማዳሪ ነው፣ የአይሱዙ ትራፊ፣
የስንት ኮረኮንች እስትንፋስ አቃፊ።
ለምን በኪሳቸው እንደሚዞር ማንም አልጠየቀ።
ጠመጠሙ፣ ሳቡ፣ ጠመጠሙ፣ አጠበቁ፤
ሦስቴ በመዶሻ፣ ጉሮሮውን አነቁ።

ቆመ።
አንዲት ጠብታ ብቻ፣ ቆይታ፣ ቆይታ።
‹‹ይችን ተያት፤ ብበረታበት ግንቡ ይሰነጠቃል፤
ነገ ቧንቧ ሠሪ ይመጣል። ወይ ከነገ ወዲያ። ይመጣል።››

ሲነጋ ፈረቃው አለቀ፣ ቧንቧው ደረቀ፤
ቀዩ እጀታ መስኮት ላይ በፀሐይ ደመቀ።
ሌሊት ያፈንኩበትን አንሶላ ጨምቄ በረንዳ ላይ ሰቀልኩ፤
ወደ ታች መንጠባጠብ ሲጀምር ደነገጥኩ።

ከታች በር ተከፈተ።
እትዬ የሺመቤት ወጡ፣
የቆርቆሮ ሳፋ ከጠብታው ሥር አስቀመጡ።
ቀና ብለው አላዩኝም። ገቡ።

ጠብ።
ጠብ።