በጣም እስማማለሁ

ከኪቶ ፉርዲሳ በባጃጅ ወርጄ፣
ሃያ መጠይቅ በፌስታል በእጄ፣
ጤና ጣቢያው ደረስኩ፤ ዝናቡ አልቆመም፣
የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ቆሞ አልደከመም።

መመረቂያዬ ነው፦ አዲሱ ሲስተም
የሚሠራበትን ሰው ምን ያህል አረካ?
ከአንድ እስከ አምስት በቁጥር ይለካ።

አዴ ነጂባ መነጽሯን አጥልቃ፣
የሰልፉን ጉርምርምታ በመዳፏ አምቃ፣
«ለመጠቀም ቀላል ሆኖ አግኝቼዋለሁ»፣
አምስትን ከበበች፤ «በጣም እስማማለሁ»።
«ሳያስፈልግ ውስብስብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ»፣
አምስትን ከበበች፤ «በጣም እስማማለሁ»።
እስከ ታች፣ እስከ ፊርማው፣ ክብ በክብ ቀጥላ
ወረቀቴን መለሰች፣ ሙስበሃ አስመስላ።

«አዴ፣ ይቅርታ… አንዱ ከሌላው ይጣላል።»
«እኔ ልጣላ?» አለች። «እዚህ መስኮት ላይ
ሃያ ሁለት ዓመት፣
ከታመመው ጋራ፣ ካስታማሚው ጋራ፣
መብራት እልም ሲል ከጨለማው ጋራ
ተስማምቼ እኮ ነው የኖርኩት፣ አንተ ልጅ።»

ተረኛው ቀረበ፦ «ራያ አባ ፊጣ አባ ገሮ፣
ካርድ አለኝ ከአምና፣ ይታደስ ዘንድሮ።»
ማሽኑ የአባቱን ስም «አባ» ብሎ ያዘ፣
አያቱን «ፊጣ» አለ፤ ገሮ ውጭ ቀረ፤
«ፈልግ» ብትለው የጅማን አባ ሁሉ
ገበያ እንደወጣ ስክሪኑ ላይ ደረደረ።

አልተቆጣችም። ጎንበስ አለች ብቻ፤
ከጠረጴዛው ስር፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ
አሮጌ መዝገብ፣ በእርሳስ የተጻፈ።
ሦስት ገጽ ገለጠች።
«ራያ የጅሬኑ፣ ግራ ጉልበትህ ነው፤ አልተሻለህም?»

ያኔ ነው ያየኋት፣ ከስክሪኑ ግንባር
በቁስል ፕላስተር የተለጠፈች ብጣሽ፦
«‹አስቀምጥ›ን ሁለቴ አትንኩ። ሰው ይጠፋል።»

ማታ ዶርም ገብቼ ቁጥሯን ስደምረው
ቀላሉ ከከባዱ እየተጣፋ
ከመቶ ሃምሳ ሆነ።
አልወደደች፣ አልጠላች ነው የሚለው ቀመሩ።
ስለዚያ መዝገብ፣ ስለ ፕላስተሯ፣
በቀን ስንት ጊዜ ጎንበስ እንደምትል
አልጠየቅኩም። ረድፍ አላሰመርኩም።

ስወጣ ከመስኮቷ ጠርታኝ ነበር፦
«ይሄ ያስመርቅሃል?»
«ኢንሻአላህ፣ አዴ።»
«እንግዲያ ከጎደለ መልሰህ አምጣው፤
እጨምርልሃለሁ።»