ትከሻ መለወጫ

አሥራ ሰባት ዓመት፣ በጠመኔ አቧራ፣
ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስሠራ ተራራ፣
«ጮቄ፣ አራት ሺህ መቶ» እያልሁ ሳስተምር፣
አንድ ቀን እንኳ እግሬ ሳይነካው ያን አፈር፣
ከደብረ ማርቆስ ላይ፣ ከክፍሌ መስኮት፣
ደመና ሲደርብ እንደ አሮጌ ካፖርት፣
(እሱ ፊቱን ሲያጠቁር ጎረቤት ስጥ ያስገባል፣
ሲፈካ ልብስ ያሰጣል፤ ማን ራዲዮ ይሰማል?)
ዘንድሮ አፈርሁና
ጫማ ገዛሁለት።

ረቡዕ ገበያ አድሬ፣ ውርጩ ሳይለቅ ገና፣
እንየው መጣልኝ፣ «መሪ ነኝ» አለና፤
ካርታ አልያዘም፤ አለው ሁለት ድንች በኪሱ፣
ሲበርደው እጅ ማሞቂያ፣ ሲርበውም ምሱ።

ገብሱን አለፍነው፤ አስታውን አለፍነው፤
ትንፋሽ አጥሮኝ ብቆም ከአንዱ ጅብራ ጥግ፣
«አሁን ሁለት ሆኑ» አለ እንየው በወግ።

ሰዓቴ ከፍታ ይቆጥራል፤ እኔም ከሰዓቴ፤
ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ፣ አለቀ ጉልበቴ፤
አራት ሺህ፤ አራት ሺህ ከሃምሳ፤
ጉሙ ዋጠንና መሬቱ ተረሳ።

«ጫፉ የት ነው?» አልሁት። «የምን ጫፍ?» አለኝ፤
«አልፈውታል እኮ» ብሎ መለሰኝ።

ሹል ነገር የለውም።
ጀርባ ነው፣ ሰፊ ጀርባ፣ ጓሳ የለበሰ፣
አንድ ድንጋይ ብቻ፣ ጎኑ የለሰለሰ።

«እኛ ስንጠራው ትከሻ መለወጫ፤
ለወላድ፣ ለበሽተኛ፣ ሌላ የለም መውጫ፤
ቃሬዛው እዚህች ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ያርፋል፤
የወዲያው ሰው ይመለሳል፣ በወዲህ ሰው ያልፋል።
እናቴን…» አለና ድንጋዩን ዳበሰው፤
ጨርሶ አልነገረኝ፤ ድንቹን ቆረሰው፤
ግማሹን ሰጠኝ።
ቀዝቅዟል።
በላሁ።

ከድንጋዩ ግርጌ የክር ያህል ውሃ፣
ድምፁ ዝቅ ያለ፣ እንደሚለምን ድሃ፤
ወደ ዓባይ ነው አሉ። በእፍኜ ቀዳሁት፤
ጥርሴን አሳመመኝ፤ ቁጥሩን ረሳሁት።

ጉሙ ሳይገለጥ፣ ጉልበቴ ሲርድ፣
አንድም ነገር ሳላይ ቁልቁል ስወርድ፣
ትከሻዬን በላኝ፤ የያዝሁት ግን የለም።

ሰኞ ክፍል ገባሁ፤ ጭቃዬ አልለቀቀም።
ከኋላ ወንበር ላይ ባንቺአምላክ ተነሥታ፣
«ጫፉን አዩት?» አለች፣ አንገቷን አውጥታ።
ቁጥሩን ጻፍሁላቸው፤ እንደ ዱሮው ያው ነው፤
«እኔስ አላየሁም» አልሁ፤ «እንየው ነው ያየው።»